«ከብርሃን የፈጠነ ብርሃን»፦ ሙከራው ልክ፣ ዜናው ስህተት

ሐምሌ 1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 2000) አንድ ዜና ዓለምን አዳረሰ። ተመራማሪዎች ብርሃንን ከብርሃን ፍጥነት 300 እጥፍ አስበልጠው አስኬዱት ተባለ። ይባስ ብሎ፣ ብርሃኑ ወደ ብልቃጡ ገና ሳይገባ በወዲያኛው ጫፍ ወጥቶ ታየ ተባለ። ዜናው እስከ ዛሬም አላረጀም። በአጫጭር ቪዲዮዎች «አይንስታይን ተሸነፈ» የሚል ርዕስ ተለጥፎበት ይዞራል፤ ከሥሩም ሰው ይከራከራል።

ታዲያ እውነት ነው ውሸት? ሙከራው እውነት ነው፤ የተለኩት ቁጥሮችም ትክክል ናቸው። ስህተቱ ያለው ዜናው ላይ ነው። የሚገርመው ደግሞ ዜናውን «ውሸት ነው» ብለው የሚመልሱት ሰዎችም ብዙ ጊዜ መልሳቸው ልክ አለመሆኑ ነው። ሁለቱም ወገን የዘለለው አንድ ነገር አለ፦ የብርሃን ምት በቁስ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ የምናሰላበት ሞዴል። ይህን ሞዴል ይዘን ዜናውን እንፈትሸው።

ምን ተሠራ?

ሙከራውን የሠሩት በአሜሪካ ፕሪንስተን በሚገኘው የኤንኢሲ የምርምር ተቋም የነበሩት ሊጁን ዋንግ፣ አሌክሳንደር ኩዝሚች እና አርተር ዶጋሪዩ ናቸው። ውጤቱም ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ። 6 ሳንቲሜትር ርዝመት ባለው ብልቃጥ ውስጥ የሲዝየም ትነት አደረጉ። ትነቱንም አስቀድመው በሌሎች የሌዘር ጨረሮች አዘጋጁት፤ በዚህም ሁለት በጣም የተቀራረቡ የብርሃን ድግግሞሾችን የሚያጎላ ሆነ። ከዚያ በኋላ በሁለቱ ድግግሞሾች መካከል የሚገኝ፣ ቀስ ብሎ የሚደምቅና ቀስ ብሎ የሚደበዝዝ የሌዘር ብልጭታ ላኩበት። እንዲህ ያለውን ብልጭታ ነው «የብርሃን ምት» የምንለው። በጣም የሚደምቅበትን ነጥብ «አናት» እንበለው።

ብልቃጡ ባዶ ቢሆን ብርሃን ያንን 6 ሳንቲሜትር በ0.2 ናኖሰከንድ ያልፈዋል (1 ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው)። በሲዝየሙ ውስጥ ያለፈው ምት አናት ግን በባዶው ከሚያልፈው 62 ናኖሰከንድ ቀድሞ ተገኘ። ልብ በሉ፣ መንገዱ በጠቅላላው 0.2 ናኖሰከንድ ብቻ የሚፈጅ ነው። ስለዚህ አናቱ በመውጫው የታየው በመግቢያው ከመታየቱ በፊት ነው። እስከዚህ ድረስ ዜናው አልዋሸም።

310 የምን ቁጥር ነው?

62ን ለ0.2 ስታካፍሉ 310 ይመጣል። የዜናው «300 እጥፍ» ከዚህ የተወሰደ ነው። ግን ይህ የሁለት ጊዜዎች ንጽጽር እንጂ «ይህን ያህል እጥፍ ፈጠነ» የሚል ቁጥር አይደለም። በጥናቱ ላይም የሰፈረው ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ይዞ ነው፦ −310። ይህ ቁጥር የቡድን ኢንዴክስ ይባላል። ትርጉሙ የብርሃን ፍጥነት በባዶ ቦታ ለምቱ አናት ፍጥነት ሲካፈል የሚገኘው ማለት ነው። ኢንዴክሱ 1.5 በሆነ መስታወት ውስጥ አናቱ 1.5 ጊዜ ይዘገያል። ኢንዴክሱ −310 ሲሆንስ? የአናቱ ፍጥነት መጠን ከብርሃን ፍጥነት 310 ጊዜ ያነሰ ይሆናል፤ አቅጣጫው ደግሞ የኋልዮሽ ነው!

አዎ፣ በትክክል አንብባችኋል። በትነቱ ውስጥ አናቱ የሚሄደው ከመውጫው ወደ መግቢያው ነው። ዜናው ማካፈል የነበረበትን አባዛ፤ የመቀነስ ምልክቱንም ጣለው። «300 እጥፍ ፈጠነ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የተጋነነ ብቻ ሳይሆን የተገለበጠም ነው።

የመቀነስ ምልክቱ ባይጣል ኖሮ አንባቢው ራሱ ይጠይቅ ነበር። በአንድ ጫፍ እየገባ፣ በሌላው ጫፍ እየወጣ፣ መሃል ላይ ግን ወደ ኋላ የሚሄድ ምን ዓይነት ነገር ነው? ድንጋይም፣ ኳስም፣ መኪናም እንዲህ አያደርጉም። ስለዚህ አናት የሚባለው ነገር እንደ ኳስ ያለ ዕቃ አይደለም ማለት ነው።

ምቱን ኳስ ማድረግ

የዜናው ትልቁ ጥፋት ይህ ነው። በየሥዕሉ ላይ ትንሽ የብርሃን ኳስ ወደ ትልቅ ቱቦ ስትገባ ታያላችሁ። እውነታው ግን ተቃራኒው ነው። ብርሃን በ1 ማይክሮሰከንድ 300 ሜትር ያህል ይሄዳል። በሙከራው ላይ የተላከው ምት ጥቂት ማይክሮሰከንዶች የሚቆይ ነበር። ስለዚህ ምቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲለካ ከግማሽ ኪሎሜትር በላይ ነው፤ ብልቃጡ ደግሞ ከመዳፍ የማይበልጥ። የምቱ አናት ገና መንገድ ላይ እያለ የፊተኛው ክፍሉ ብልቃጡን አልፎ ሄዷል። አናቱ በ62 ናኖሰከንድ ቀደመ ማለት 19 ሜትር ገደማ ቀደመ ማለት ነው። ይህ ከምቱ ጠቅላላ ርዝመት ጋር ሲነጻጸር ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነው።

በሌላ አነጋገር፣ «ሳይገባ ወጣ» የተባለው ብርሃን በእርግጥ ገብቶ ነበር። ቀደም ብሎ የገባው ደብዛዛው የፊት ክፍል ነው። ታዲያ ከዚያ ደብዛዛ ክፍል ውስጥ አናት እንዴት ተሠራ?

አበበና ጫላ ሲያጨበጭቡ

ሞዴሉ የሚነሳው ከአንድ ሐሳብ ነው። አንድ የብርሃን ምት ብዙ ቀለማት፣ ማለትም ትንሽ ትንሽ የሚለያይ ድግግሞሽ ያላቸው ሞገዶች ተደምረው የሚፈጥሩት ነው። እያንዳንዱ ሞገድ ለብቻው ሲታይ ረጅም፣ ወጥና አሰልቺ ነው። የሁሉም ጫፎች በሚገጣጠሙበት ቦታ ብርሃኑ ይደምቃል፤ በማይገጣጠሙበት ይጠፋፋል። አናት ማለት እንግዲህ የመገጣጠሚያ ቦታ ነው።

እስቲ በጭብጨባ እንሞክረው። አበበ በየ10 ሰከንዱ፣ ጫላ በየ11 ሰከንዱ ያጨበጭባሉ። በዜሮ ሰከንድ አብረው ጀመሩ። ቀጥሎ የሚገጣጠሙት መቼ ነው? አበበ 10፣ 20፣ 30 እያለ፣ ጫላ 11፣ 22፣ 33 እያለ ይሄዱና በ110ኛው ሰከንድ ላይ አብረው «ጧ!» ያደርጋሉ።

አሁን ከጫላ ጭብጨባ ላይ ብቻ አንድ ሰከንድ እናዘግይ። አላፈጠንም፣ አዘገየን። ጫላ 1፣ 12፣ 23፣ 34፣ 45፣ 56፣ 67፣ 78፣ 89፣ 100 ላይ ያጨበጭባል። አበበም በ100 ላይ ያጨበጭባል። ስለዚህ መገጣጠሚያው ከ110 ወደ 100 መጣ፤ 10 ሰከንድ ቀደመ! ማንም ፈጥኖ አላጨበጨበም። እንዲያውም አንደኛው ዘግይቷል። በተቃራኒው ጫላን በአንድ ሰከንድ ብታስቀድሙት መገጣጠሚያው ወደ 120 ይሸሻል። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ አረጋግጡ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የሲዝየም ትነቱ ያደረገውም ይህንኑ ነው። እያንዳንዱን ቀለም በጥቂቱ፣ ግን ለየት ባለ መጠን ገፋው። የተነሳም መገጣጠሚያው ብዙ ተንቀሳቀሰ። ምቱ ቀስ ብሎ የሚነሳ ስለሆነ ደብዛዛው የፊት ክፍል ሁሉንም ቀለማት አስቀድሞ ይዟል፤ ልክ የአበበና የጫላ የመጀመሪያ ጥቂት ጭብጨባዎች 110ኛውን ሰከንድ አስቀድመው እንደሚናገሩት። ትነቱ ከዚያ ተነስቶ አናቱን ቀድሞ ሠራው።

በእርግጥ ጭብጨባው ቀለል ያለ ምሳሌ ነው። ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ መገጣጠሚያው በየ110 ሰከንዱ ይደጋገማል። በእውነተኛ ምት ውስጥ ግን ቀለማቱ እጅግ ብዙ ስለሆኑ አናቱ አንዴ ብቻ ይታያል።

«የሒሳብ ጨዋታ ነው» ለሚሉት

እዚህ ላይ ሲደርሱ አንዳንድ ተቺዎች «በቃ፣ የአናቱ ፍጥነት የወረቀት ላይ ነገር ነው፤ እውነት አይደለም» ብለው ፋይሉን ይዘጋሉ። ይህም ልክ አይደለም። የአናቱ ፍጥነት በሙያው ቋንቋ የቡድን ፍጥነት ይባላል፤ ስልካችሁ ላይ የምታነቡት ጽሑፍ የመጣውም በእሱ ፍጥነት ነው።

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከባሕር በታች ከተዘረጉት የኢንተርኔት ኬብሎች ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች በኩል ነው፤ ጅቡቲ አንዷ ናት። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ያለው የባቡር መስመር 752 ኪሎሜትር ነው። በዚያው ልክ የተዘረጋ ኦፕቲካል ፋይበር አለ ብለን እናስብ። በፋይበሩ ውስጥ የቡድን ኢንዴክሱ 1.47 ገደማ ነው፤ ማለትም ምቱ በሰከንድ ወደ 204,000 ኪሎሜትር ይጓዛል። ስለዚህ መንገዱ 3.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ይህ የወረቀት ላይ ቁጥር አይደለም፤ በሰዓት ይለካል።

ሞዴሉ ከዚህም በላይ ይናገራል። ወደ ጭብጨባው እንመለስና በየ12 ሰከንዱ የሚያጨበጭብ ሦስተኛ ሰው እንጨምር። ሦስቱ አብረው ከጀመሩ ቀጣዩ የጋራ ጭብጨባ በ660ኛው ሰከንድ ነው። ጫላን በ1፣ አዲሱን ሰው በ2 ሰከንድ ካዘገየን የጋራው ጭብጨባ ወደ 650 ይመጣል። መዘግየቱ 0፣ 1፣ 2 እያለ በእኩል ደረጃ ስለጨመረ አናቱ ሳይፈርስ ተንቀሳቀሰ። ነገር ግን ሁለቱንም በ1 በ1 ሰከንድ ብናዘገያቸውስ? ደረጃው እኩል መሆኑ ቀረ፤ ሦስቱም መቼም አይገጣጠሙም። አናቱ ፈረሰ።

በፋይበር ውስጥ መዘግየቱ ፍጹም እኩል ደረጃ የለውም፤ ስለዚህ ምቱ እየተጓዘ ይሰፋል። ለረጅም ርቀት በሚመረጠው 1,550 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ በተለመደው ፋይበር መስፋቱ በየኪሎሜትሩ፣ ለእያንዳንዱ ናኖሜትር የቀለም ስፋት፣ 17 ፒኮሰከንድ ያህል ነው (1 ፒኮሰከንድ የናኖሰከንድ ሺኛ ነው)። 0.1 ናኖሜትር የቀለም ስፋት ያለው ምት 100 ኪሎሜትር ሲሄድ በ170 ፒኮሰከንድ ይሰፋል። በሰከንድ 10 ቢሊዮን ምልክት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ ደግሞ ለአንድ ምልክት የተመደበው ጊዜ 100 ፒኮሰከንድ ብቻ ነው። ምቱ ጎረቤቱ ላይ ይፈስሳል፤ 1 እና 0 ይደበላለቃሉ። መሐንዲሶች ይህን አስቀድመው አስልተው መስፋቱን የሚመልስ ሌላ ፋይበር ያስገባሉ ወይም በመቀበያው ላይ በስሌት ያርሙታል።

ብርሃኑ ሲበረታ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ራሱ ብርሃኑ የመስታወቱን ጠባይ ይለውጣል። ያን ጊዜ ኮምፒውተር ፋይበሩን እንደ ስስ ቁራጮች ቆጥሮ ያሰላል። በአንዱ ቁራጭ ቀለማቱን እንደየድርሻቸው ያዘገያል፤ ቀጥሎ የብሩህነቱን ተጽዕኖ ይጨምራል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቁራጭ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1973 አኪራ ሃሴጋዋ እና ፍሬድሪክ ታፐርት ሁለቱ ተጽዕኖዎች ተመዛዝነው ምቱ ሳይሰፋ ሊጓዝ እንደሚችል በስሌት አሳዩ። ይህ በፋይበር ውስጥ በሙከራ የታየው ከ7 ዓመት በኋላ፣ በ1980፣ በቤል ላብስ ነው። ሞዴሉ ማንም ያላየውን ነገር ከማንም በፊት ተናገረ። ይህን ሁሉ «የሒሳብ ጨዋታ» ብሎ ማለፍ አያስኬድም።

«የዘገየው ብርሃን»

ከፈጣኑ ብርሃን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ሌላ ዜና ነበር። ሌነ ሃው የመሩት ቡድን በአሜሪካ ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ፣ እጅግ በቀዘቀዘ የሶዲየም ጋዝ ውስጥ የብርሃንን ፍጥነት ወደ 17 ሜትር በሰከንድ አወረደ። በሰዓት 61 ኪሎሜትር ገደማ ነው፤ አውራ ጎዳና ላይ ሚኒባስ ይቀድመዋል።

ይህ ዜና ከፈጣኑ የተሻለ ነበር፤ ምቱ በእርግጥ ዘግይቷልና። ቢሆንም ብዙ ገለጻዎች ብርሃኑን ጭቃ ውስጥ እንደሚዳክር ሰው ሳሉት። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ሞገዶቹ አንድ በአንድ ቢታዩ ፍጥነታቸው ከባዶ ቦታው እምብዛም አልተለየም። የዘገየው መገጣጠሚያው ነው፤ ጫላን በአንድ ሰከንድ ስናስቀድመው መገጣጠሚያው 10 ሰከንድ እንደሸሸው። አንድ ሞዴል ነው ዘገየ የተባለውንም ቀደመ የተባለውንም የሚያስረዳው። ዜናዎቹ ግን እንደ ሁለት የማይገናኙ ተአምራት አቀረቧቸው። የሳይንሱ ደስታ ያለው ደግሞ እዚሁ ግንኙነት ላይ ነበር።

ሞዴሉ የሚያበቃበት

አይንስታይንስ? ከብርሃን ፍጥነት በላይ የማይሄደው የምቱ አናት ሳይሆን መልእክት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ለማየት አበበ በ105ኛው ሰከንድ ላይ ድንገት ማጨብጨብ አቆመ እንበል። በቀጥታ ለሚሰማቸው ሰው የ110ኛው የጋራ ጭብጨባ አይኖርም። የጫላን ድምፅ በአንድ ሰከንድ አዘግይተን ባሰማነው ቦታ ግን የ100ኛው የጋራ ጭብጨባ ቀድሞ ተሰምቷል። ስለ አበበ ማቆም ምንም አልነገረንም፤ ሊነግረንም አይችልም። ቀድሞ የመጣው አናት የሚነግረን ከዚህ በፊት የነበረው ምት እንደነበረ ከቀጠለ ምን እንደሚሆን ብቻ ነው። መልእክት ማለት ግን ድንገተኛው፣ አስቀድሞ የማይገመተው ለውጥ ነው።

ድንገተኛ ለውጥ ለብርሃን ምን ማለት ነው? ስለታም ጠርዝ ያለው ምት እጅግ ሰፊ የቀለም ክልል ይፈልጋል። የቡድን ፍጥነት የሚለው ሐሳብ የሚሠራው ደግሞ ቀለማቱ በጠባብ ክልል ውስጥ ሲሆኑና መዘግየታቸው በእኩል ደረጃ ሲጨምር ነው። ስለዚህ ስለታም ጠርዝ ሲመጣ ያ ቁጥር ትርጉሙን ያጣል። አርኖልድ ዞመርፌልድ ይህን እ.ኤ.አ. በ1907 አነሳው፤ በ1914 እሱና ሌዎን ብሪሉዋን በዝርዝር አሰሉት። ውጤቱ፦ ቁሱ ምንም ይሁን ምን የምቱ ግንባር፣ የመጀመሪያዋ ጠርዝ፣ በባዶ ቦታ ካለው የብርሃን ፍጥነት አትበልጥም። መልሱ ከዜናው 86 ዓመት ቀድሞ ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ሙከራም ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ማይክል ስቴነር፣ ዳንኤል ጎቲዬ እና ማርክ ኒፍልድ በፖታሲየም ትነት ውስጥ አጀማመራቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ዓይነት ምቶች ላኩ። ምቶቹ አናታቸው አካባቢ ሲደርሱ ድንገት ይለያያሉ፤ አንዱ «1»፣ ሌላው «0» ነው። የቡድን ፍጥነቱ ከብርሃን ፍጥነት እጅግ የበለጠ ቢሆንም «1 ነው ወይስ 0?» የሚለውን ለማወቅ የወሰደው ጊዜ በባዶ ቦታ ከሚወስደው ትንሽ እንኳ በለጠ እንጂ አላነሰም። አናቱ ቀደመ፤ መልእክቱ አልቀደመም።

ጥፋቱ የማነው?

የተመራማሪዎቹ አይደለም። ዋንግና ባልደረቦቹ በጥናታቸው ማጠቃለያ ላይ ራሳቸው ውጤቱ ከምክንያትና ውጤት ቅደም ተከተል ጋር እንደማይጋጭ፣ የመጣውም ከሞገዶች መደማመር መሆኑን ጽፈዋል። ይህች ነጥብ ከጥናቱ ወደ ዜናው ስትሻገር መንገድ ላይ ጠፋች፤ ከዜናው ወደ ቪዲዮው ሲሻገር ደግሞ «አይንስታይን ተሸነፈ» ተጨመረባት።

«ምን ችግር አለው፣ ሰው እንዲያነብ ቢጋነንስ?» የሚል ይኖራል። ችግሩ ይህ ነው። በየወሩ ፊዚክስ ፈረሰ ሲባል የሚሰማ ወጣት በመጨረሻ ወይ ሁሉንም ያምናል ወይ ምንም አያምንም። ሁለቱም ለሳይንስ አይበጁም። ደግሞስ ማጋነኑ ያተረፈው ምንድን ነው? ከተጋነነው ዜና ይልቅ እውነተኛው ታሪክ ይደንቃል፤ አንዱን ጭብጨባ ብታዘገየው የጋራው ጭብጨባ ይቀድማል!

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ብርሃን ፈጠነ»፣ «ብርሃን ዘገየ»፣ «ብርሃን ቆመ» የሚል ርዕስ ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ የተለካው የምኑ ፍጥነት ነው? የአንድ ሞገድ፣ የአናቱ ወይስ የግንባሩ? ሁለተኛ፣ ምቱ ከቁሱ ርዝመት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው? ሦስተኛ፣ ምቱ መሃል ላይ ድንገት ቢቋረጥ፣ መቋረጡ በወዲያኛው በኩል የሚታወቀው መቼ ነው? ጽሑፉ ሦስቱንም ከመለሰ ጥሩ ጽሑፍ ነው። ካልመለሰ ወደ ጥናቱ ማጠቃለያ ሂዱ፤ የጎደለው ነገር ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፎ ይገኛል።